ራጁ «ምንም የለም» ይላል፤ ልጄ ግን ታነክሳለች

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ እንደምን ከረሙ? የ12 ዓመት ልጅ አለችኝ። ከአምስት ወር በፊት ውሃ ቀድታ ስትመለስ ደረጃ ላይ ወድቃ ጉልበቷን ተጎዳች። ራጅ ተነሣች፣ ደምም ተመረመረች፤ «ምንም የለባትም» ተባልን። ወጌሻም አሻት። እስካሁን ታነክሳለች። ከትምህርት ቤት ከቀረች ወር አለፋት። አባቷ «እያስመሰለች ነው» ይላል። እኔ ግን ማታ ማታ ስታለቅስ እሰማታለሁ። ምን ይሻለኛል?
(ከማራኪ፣ ጎንደር)

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ አባቷን ላስቀይመው፤ እያስመሰለች አይደለም። እኔም ሥራ በጀመርኩ ሰሞን እግሩን ለሚያመው አንድ ልጅ «ራጅህ ንጹሕ ነው፤ ምን ሆንኩ ነው የምትለው?» ብዬዋለሁ። ልጁ ዝም አለ። ከዚያ ወዲያ ሲያመውም አይነግረኝም ነበር። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ራጅ አጥንት እንጂ ሕመም አያሳይም። ከ3 ወር በላይ የቆየ ሕመም ሥር የሰደደ ይባላል። ብዙ ጊዜ ጉዳቱ ድኖ ነርቮቹ ግን እንደነቁ ይቀራሉ። ሌባው ከሄደ በኋላም ሲጮህ የሚያድር የጎረቤት ውሻ ታውቂ የለ? እንደዚያ በይው። ሌባ የለም፤ ጩኸቱ ግን አለ፤ እንቅልፍም ይነሳል።

ማታ የምታለቅሰው ግን እንዴት ነው? ሕመሙ ከእንቅልፍ የሚቀሰቅሳት ከሆነ፣ ጉልበቷ ካበጠ፣ ካተኮሳት፣ ከከሳች፣ ወይም ጠዋት ስትነሳ እግሯ አልታጠፍ የሚላት ከሆነ፣ የኔን ምክር ተዪውና ቶሎ ወደ ሐኪም ተመለሺ።

ይህ ከሌለ ዋናው መድኃኒት እንቅስቃሴ ነው። በየቤቱ የማየው ስህተት አንድ ነው። ልጅቷ ደህና የሆነች ቀን ገመድ ስትዘል ትውላለች፤ ከዚያ ሦስት ቀን አልጋ ትይዛለች። እግሯን የሚያዘው ሕመሙ ሳይሆን ሰዓቱ ይሁን። እስከ ሰፈር ሱቅ ደርሳ ትመለስ፤ 5 ደቂቃ። አመማትም 5፣ ተሻላትም 5። ከሳምንት በኋላ 6 ወይም 7 ደቂቃ አድርጊው። ዳገቱ ይቆይ። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ፊዚዮቴራፒ (በእንቅስቃሴ የሚሰጥ ሕክምና) የሚያስተምር ስለሆነ ከተማችን በዚህ ዕድለኛ ናት፤ ሐኪሙን ወደ ፊዚዮቴራፒ ላከን በይው።

ወጌሻ አልንቅም፤ አያቴም ወጌሻ ነበሩ። እያስጮኹ ማሸቱ ግን ይብቃት።

ፓራሲታሞል ለክፉ ቀን ይቀመጥ። መጠኑ በኪሎዋ ነው የሚሰላው፤ በ24 ሰዓት ከ4 ጊዜ አይበልጥም። አስፕሪን ያለ ሐኪም ትእዛዝ ለልጅ አይሰጥም።

ትምህርቱን ድና እስክትጨርስ አትጠብቂ። በግማሽ ቀን ትጀምር፤ ለመጀመሪያዎቹ ቀናት ባጃጅ ያድርሳት። አስተማሪዋም እግሯን እንድትዘረጋ ይፍቀዱላት። ቡና ላይ ጎረቤት ሁሉ «ጉልበትሽስ?» ማለቱን ይተው። አንቺም «ዛሬ ከማን ጋር ተጫወትሽ?» በያት።

አባቷ ደግሞ ማታ ከሥራ ሲገባ እስከ ሱቁ አብሯት ይውጣ። ስለ ጉልበቷ ሳያነሳ።