አይኦኤምኤምዩን ከማጥፋትህ በፊት ሎጉን አንብበው

ጥያቄ፦ ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ። ቨርቹዋል ማሽን ልሞክር ብዬ ሊኑክስ የጫንኩበት ኮምፒውተር ባዮስ ውስጥ ገብቼ ቪቲ-ዲ የሚለውን አበራሁት፣ የቡት መስመሩ ላይም ኢንቴል አይኦኤምኤምዩ ኦን ብዬ ጨመርኩ። ከዛ ወዲህ ኔትወርኬ አልፎ አልፎ ቀጥ ይላል፣ የከርነሉ (የሲስተሙ እምብርት) ሎግ ላይም ዲኤምኤአር የሚል ስህተት ይደረደራል። ጓደኞቼ አጥፋው በቃ ይሉኛል፣ ሳጠፋው ደግሞ እውነትም ይስተካከላል። ለመሆኑ የአይኦኤምኤምዩ ስራው ምንድነው? ጠፍቶ ቢቀርስ ምን ይጎዳኛል?

መልስ፦ ሰላም ወንድማችን። ገና አታጥፋው! አይኦኤምኤምዩ ዲቫይሶች ራም ሲነኩ መሃል ገብቶ የሚቆጣጠር የሃርድዌር ክፍል ነው። ስታጠፋው ኔትወርኩ የተስተካከለ የመሰለህ ስህተቱን የሚይዘው ነገር ስለጠፋ ነው፣ ስህተቱ ግን እዛው አለ።

ለምን መሰለህ፣ አንድ ፕሮግራም ሚሞሪ ሲነካ ሲፒዩው ውስጥ ያለው ኤምኤምዩ መሃል ገብቶ አድራሻውን ይተረጉማል፣ ያልተፈቀደለትን ቦታ ከነካም ያስቆመዋል። ኔትወርክ ካርድ፣ ዲስክ፣ ግራፊክስ ካርድ ግን ሲፒዩውን ሳያስቸግሩ ራም ላይ በቀጥታ ያነባሉ ይጽፋሉ፣ ዲኤምኤ የሚባለው ይሄ ነው፣ እና ይሄኛው መንገድ በሲፒዩው ኤምኤምዩ በኩል አያልፍም። ስለዚህ ድራይቨሩ (ካርዱን የሚያዘው ሶፍትዌር) የተሳሳተ አድራሻ ከሰጠው ካርዱ ዝም ብሎ እዛው ይጽፋል፣ ቦታው ላይ የከርነሉ ዳታ ይኑር ወይ ልታስቀምጠው የነበረ ፋይልህ ይኑር ካርዱ በምን ያውቃል? ከሰዓታት በኋላ ማሽኑ ክራሽ ሲያደርግ ወይ ፋይል ተበላሽቶ ስታገኘው ኔትወርክ ካርዱን ማን ይጠረጥራል!

አይኦኤምኤምዩ የሚቀመጠው በዲቫይሶቹና በራሙ መሃል ነው። ኢንቴል ቪቲ-ዲ ይለዋል፣ ኤኤምዲ ኤኤምዲ-ቪአይ፣ አርም ደግሞ ኤስኤምኤምዩ፣ ሀሳቡ አንድ ነው። ድራይቨሩ በፈር (ዳታ የሚተላለፍበት የራም ቦታ) ሲያዘጋጅ የከርነሉን ዲኤምኤ ኤፒአይ (የዲኤምኤ መጠየቂያ ፈንክሽኖች) ይጠራል፣ ከርነሉም ለዛ ዲቫይስ ብቻ የሚሰራ አድራሻ መድቦ ፔጅ ቴብሉ (የአድራሻ መተርጎሚያው ሰንጠረዥ) ላይ ይመዘግባል፣ ማንበብ ብቻ ነው ወይስ መጻፍም የሚለውም አብሮ ይመዘገባል፣ ስራው ሲያልቅ ምዝገባው ይሰረዛል። እያንዳንዱ ጥያቄ ከየትኛው ዲቫይስ እንደመጣ በ16 ቢት ቁጥር ይታወቃል፣ 8ቱ ቢት ባሱ (ዲቫይሶቹ የተያያዙበት መስመር)፣ 5ቱ ዲቫይሱ፣ 3ቱ ፈንክሽኑ (የዲቫይሱ ንዑስ ክፍል) ነው፣ ሃርድዌሩ በዚህ ቁጥር ነው የማንን ቴብል እንደሚያይ የሚለየው። በነገራችን ላይ 32 ቢት አድራሻ ብቻ ለሚችሉ የቆዩ ካርዶችም ትልቅ እፎይታ ነው፣ ያለሱ ከ4 ጊጋባይት በላይ ያለ በፈር ሲመጣ ከርነሉ ዳታውን ታች ወዳለ ቦታ እየገለበጠ ነው የሚያስተናግዳቸው።

አሁን ወደ ሎግህ ተመለስና አንዷን የዲኤምኤአር መስመር (አይኦኤምኤምዩው ያስቆመውን ጥያቄ የምትነግርህን) ብቻ ቀስ ብለህ እያት። 03:00.0 የሚመስል ቁጥር ታገኛለህ፣ ባስ 3፣ ዲቫይስ 0፣ ፈንክሽን 0 ማለት ነው፣ ኤልኤስፒሲአይ በሚለው ትእዛዝ ከሚወጣው ዝርዝር ጋር አስተያየውና በእርግጥ ኔትወርክ ካርዱ መሆኑን አረጋግጥ። ቀጥሎ ማንበብ ወይ መጻፍ እንደነበረ ይነግርሃል፣ ከዛ የተጠየቀው አድራሻ፣ መጨረሻ ላይ ምክንያቱ። ምክንያቱ 05 ከሆነ ለመጻፍ ፈቃድ የለውም፣ 06 ከሆነ ለማንበብ ፈቃድ የለውም ማለት ነው። እኔ በጣም የምወደው ይሄን ነው፣ ያለ አይኦኤምኤምዩ ስትፈልገው የምትከርመው ባግ እዚህ ከነባለቤቱ ተጽፎ ይመጣልሃል።

ብዙ ጊዜ ከጀርባው ያለው ድራይቨሩ ካርዱ ሳይጨርስ ምዝገባውን መሰረዙ ነው፣ ወይ ጭራሽ ሳያስመዘግብ ፊዚካል አድራሻውን እንዳለ መስጠቱ፣ ወይ ደግሞ ካርዱ ከበፈሩ አልፎ መሄዱ። የባዮስም ጥፋት ሊሆን ይችላል፣ ፈርምዌሩ (ሃርድዌሩ ላይ ቀድሞ የተጫነው ሶፍትዌር) ለራሱ የያዘውን ቦታ ለከርነሉ በሚሰጠው የዲኤምኤአር ቴብል ላይ ካላሳወቀ ያው ስህተት ይመጣል። ስለዚህ መጀመሪያ ከርነሉን አዘምን፣ ከዛ ባዮሱንና የካርዱን ፈርምዌር፣ ካልሆነ ያቺን መስመር ከከርነል ቨርዥንህ ጋር ለድራይቨሩ አዘጋጆች ላክላቸው፣ እመነኝ ለነሱ ወርቅ ናት።

እስከዛ ኔትወርክ የግድ ካስፈለገህ ሙሉ በሙሉ ከማጥፋት ፓስትሩ ሞድ ይሻላል። በዚህ ሞድ ለቨርቹዋል ማሽን የምትሰጠው ዲቫይስ የራሱ ቴብል ይኖረዋል፣ ዋናው ሲስተም የሚጠቀምባቸው ግን ራሙን እንዳለ ያያሉ፣ ስለዚህ ያ ስህተት ድምጹ ይጠፋል እንጂ አልተፈታም፣ እንዳትዘናጋ።

ተንደርቦልት (ፈጣን የውጭ እቃ መሰኪያ) ያለው ላፕቶፕ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ከባግም ያልፋል፣ ከውጭ የምትሰካው እቃ ዲኤምኤ ሊያደርግ ይችላል እኮ! በ2019 ይፋ የሆነው ተንደርክላፕ የተባለው ጥናት አይኦኤምኤምዩ በርቶም ክፍተት እንዳለ አሳይቷል። አንዱ ምክንያት ምዝገባው በፔጅ መሆኑ ነው፣ ትንሹ ፔጅ 4 ኪሎባይት ስለሆነ በፈሩ 200 ባይት ቢሆንም ዲቫይሱ በዛው ፔጅ ላይ ያለውን ሌላ ዳታ ሁሉ ያያል። ሊኑክስ አሁን ለማይታመኑ ዲቫይሶች እንዲህ ያለውን በፈር ለብቻው ወደተለየ ፔጅ ይገለብጠዋል።

ጥያቄ፦ ፍጥነት አይቀንስም ወይ?

መልስ፦ ይቀንሳል፣ በተለይ ፈጣን ኔትወርክ ላይ። ዋናው ወጪ ምዝገባ በተሰረዘ ቁጥር የአይኦኤምኤምዩው ካሽ (ጊዜያዊ ማስቀመጫ) ውስጥ ያለውን የድሮ ትርጉም ማጽዳት ነው። ሌዚ በሚባለው ሞድ ከርነሉ ጽዳቱን አጠራቅሞ በአንዴ ያደርገዋል፣ ፈጣን ነው ግን ለጥቂት ሚሊሰከንዶች ዲቫይሱ የተሰረዘውን ቦታ ሊነካ ይችላል። ስትሪክት ሞድ እዛው በዛው ያጸዳል። ጠቃሚ ዳታ የያዘ ማሽን ላይ እኔ ስትሪክትን ነው የምመርጠው።

ጥያቄ፦ ግራፊክስ ካርዴን ለቨርቹዋል ማሽን ልሰጥ ስል ሌላ ዲቫይስ አብሮ ካልሄደ አይሆንም ይለኛል፣ ለምን?

መልስ፦ ሁለቱ አንድ አይኦኤምኤምዩ ግሩፕ ውስጥ ስለሆኑ ነው። ሃርድዌሩ ለያይቶ ሊቆጣጠራቸው የማይችላቸውን ዲቫይሶች ከርነሉ አንድ ላይ ይመድባቸዋል፣ ምክንያቱም እርስ በርስ በአይኦኤምኤምዩው በኩል ሳያልፉ ሊነጋገሩ ይችላሉ። የካርዱ የድምጽ ፈንክሽን ከሆነ አብረህ ስጠው፣ ችግር የለውም። ዲስክ ኮንትሮለር ከሆነ ግን ካርዱን ሌላ ስሎት ላይ ሞክረው፣ ግሩፑ ሊቀየር ይችላል። ግሩፑን በግድ የሚለያየውን የከርነል ፓች አልመክርህም፣ ሃርድዌሩ ያልለየውን ሶፍትዌሩ ተለይቷል ስላለ ብቻ አይለይም።