ዋይፋይ ቤቱ ያስገባ ለምን አነሰ? ከዋጋው በፊት ኪራዩን ጠይቂ

እህቴ፣ ለመመረቂያ ጽሑፍሽ «ደብረ ብርሃን ውስጥ ዳታ የሚጠቀመው ሰው ይህን ያህል ሆኖ፣ ቤቱ ዋይፋይ ያስገባው ለምን አነሰ? ዋጋው ነው?» ብለሽ ጠይቀሻል። ኮምፒውተር እጠግናለሁ፤ ራውተር ለማስተካከልም በየሰው ቤት እገባለሁ። ያየሁትን ልንገርሽ።

ዋጋው የለበትም አልልም። እኔ ግን መጀመሪያ የማየው ኪራይን ነው። የሚጠሩኝ ወጣት ቤተሰቦች አብዛኞቹ ተከራይ ናቸው። መስመር የሚገባው ለቤቱ እንጂ ለሰውየው አይደለም። ገመድ ለመሳብ ግድግዳ መብሳት አለ። አከራይ «ቤቴን አታበላሹብኝ» ካሉ ነገሩ እዚያው ያበቃል። ቢፈቅዱም ተከራዩ ነገ ኪራይ ተጨምሮበት ሊለቅ እንደሚችል ያውቃል። ሲለቅ መስመሩን ማዛወር ሌላ ጣጣ ነው፤ የሚሄድበት ሰፈር ክፍት መስመር ላይኖር ይችላል። የሞባይል ዳታ ግን ኪሱ ውስጥ አብሮት ይሄዳል። ሰው ኢንተርኔት ስለጠላ አይደለም፤ የሚተከልበት ቤት የእሱ ስላልሆነ ነው።

ክፍያውንም ቢሆን በድምሩ ብቻ አትመዝኚው። የተባበሩት መንግሥታት የብሮድባንድ (የፈጣን ኢንተርኔት) ኮሚሽን የመነሻ ኢንተርኔት አገልግሎት ዋጋ ከወር የነፍስ ወከፍ ገቢ 2 በመቶ በታች እንዲሆን ግብ አስቀምጦ ነበር። ይህ ግን አማካይ ነው። ጉሊት የምትቸረችር እናት ገንዘብ የምታገኘው በየቀኑ ነው። የቀን ጥቅል ትገዛለች፤ የወሩን በአንዴ አውጪ ስትባል ግን ከልጆቿ ጉሮሮ ላይ ነው የምትነጥቀው።

መብራት ሲጠፋ ራውተሩም ይጠፋል፣ ስልኩ ግን በባትሪው ይሠራል። ይህንንም ሰዉ ያሰላል። ደግሞ ቤቱ ውስጥ ያለው አንድ ስማርት ስልክ ከሆነ ዋይፋዩ ለማን ነው? ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ስልክና ላፕቶፕ መግዛት ይበልጥ ከብዷል።

ወደ ገጠሩ ስትወጪ «ኔትወርክ የለም» የሚለውን መልስ ቶሎ አትቀበዪ። መንዝና አንኮበር ተራራ የሚከልለው ቦታ መኖሩ እውነት ነው። በዓለም ደረጃ ግን የሞባይል ኩባንያዎች ዓለም አቀፍ ማኅበር የሆነው የጂኤስኤምኤ ሪፖርት በፈረንጆቹ 2023 የሞባይል ኢንተርኔት የማይደርሰው 4 በመቶ ያህሉ ሰው ብቻ እንደነበር ይናገራል። 39 በመቶው ኔትወርኩ እያለ አይጠቀምም ነበር። ምክንያት ያገኘ ሰው ይጠቀማል። ልጃቸው ዓረብ አገር ያለች፣ ፊደል ያልቆጠሩ እናቶች ኢሞ ከፍተው ልጃቸውን እያዩ ሲያወሩ ሁልጊዜ አያለሁ። እነዚህን እናቶች «አይችሉም» ብሎ መመደብ ያሳዝነኛል።

ስለዚህ መጠይቅሽ ላይ ባለቤትና ተከራይን ለይተሽ ጠይቂ። ገቢያቸው በቀን ነው በወር የሚለውን ጨምሪ። አንድ ግቢ የሚኖሩ ተከራዮች አንድ መስመር አስገብተው ክፍያውን ቢካፈሉ ይስማሙ እንደሆነም ጠይቂልኝ። አከራዮችንም አትርሺ፤ ብዙ ጊዜ የመጨረሻው ቃል የእነሱ ነው፣ የሚጠይቃቸው ግን የለም።