መልስ፦ ከሰኔ 30 በኋላ የተዳከመ ቡድንን እንዴት ላነቃቃ?

እህቴ፣ የሒሳብ ክፍል ልጆችሽ ከዓመቱ መዝጊያ በኋላ ሞራላቸው እንደወደቀና ቢሾፍቱ ወስደሽ ልታዝናኛቸው እንዳሰብሽ ጽፈሻል። ሽርሽሩ አይከፋም፣ ግን በሥራ ቀን ይሁን፤ ቅዳሜያቸውን አትውሰጂባቸው።

ከሁሉ በፊት ያመሹበት ትርፍ ሰዓት መከፈሉን አጣሪ። የግል ድርጅት ከሆናችሁ፣ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከንጋቱ 12 እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት የተሠራ ትርፍ ሰዓት ቢያንስ የመደበኛው የሰዓት ደመወዝ 1.5 እጥፍ ይከፈላል፣ በሳምንት የዕረፍት ቀን 2፣ በሕዝብ በዓል 2.5። ገንዘቡ የተያዘበትን ሰው ጥብስ ብትጋብዢው ይብስበታል እንጂ ደስ አይለውም። ክፍያው በእጅሽ ካልሆነ ጥያቄያቸውን ይዘሽ ወደ ሰው ሀብት ሂጂ፣ መልሱንም "አልተፈቀደም" ቢሆን እንኳ ሳታድበሰብሺ ቶሎ ንገሪያቸው።

ምስጋናሽም የጅምላ አይሁን። "ሁላችሁም በርቱ" ማንንም አይነካም። የባንክ ማስታረቂያው (የድርጅቱ መዝገብ ከባንኩ መግለጫ ጋር የሚመሳከርበት ሥራ) ላይ ልዩነቱን ፈልጋ ያገኘችውን ልጅ ስሟን ጠርተሽ፣ ያደረገችውን ጠቅሰሽ፣ አለቃሽ ባለበት አመስግኛት። ስህተት ሲኖር ግን ለብቻ፣ በር ዘግተሽ። እባክሽ ይኼን አደራ፤ ሰው ፊት የተዋረደ ሠራተኛ ከዚያ በኋላ ሐሳብ አያዋጣም።

ደግሞ ጎበዙ ላይ ሁሉንም ሥራ አትጫኚ። የዓመት ፈቃድ የሚጠይቅሽ ካለ አሁን ሐምሌ ላይ ፍቀጂለት፣ የሩብ ዓመቱ ሪፖርት ሳይመጣ።