ሳንመረጥ ቀረን፣ ቪዲዮአችን ግን ታየ

ጥያቄ፦ ሀዋሳ ውስጥ የሰባት ልጆች የቴአትር ቡድን አስተባባሪ ነኝ። ቡድናችን አልተመዘገበም። ባለፈው ዓመት አንድ ድርጅት ለጥበብ ሥራዎች ድጋፍ እሰጣለሁ ብሎ ጥሪ ሲያወጣ፣ ስለ ፍቼ ጫምባላላ ከወጣቶች ጋር ልንሠራው ያሰብነውን ቴአትር ይዘን ገባን። 31 ገጽ ፕሮፖዛል ጻፍን፤ በጀቱን ሦስት ጊዜ አስተካክሉ ተባልን። ሁለተኛው ዙር ላይ ስንደርስ «አቅማችሁን እንይ» ብለው፣ ታቦር ክፍለ ከተማ ውስጥ 30 ወጣቶች ሰብስበን ሦስት ቀን እንድናሠለጥንና የ12 ደቂቃ ቪዲዮ እንድንልክ ጠየቁን። አዳራሽና ካሜራ ተከራየን፣ የሻይ የዳቦውን ከኪሳችን አወጣን። ከሁለት ወር በኋላ «በዚህ ዙር አልተመረጣችሁም» የሚል ሁለት መስመር ኢሜይል መጣ። ቪዲዮአችን ግን በእነሱ ስብሰባ ላይ፣ ስማችን ሳይጠቀስ ሲታይ ጓደኛችን ቁጭ ብሎ አየው። ፕሮፖዛሉን የጻፈችልን ልጅ ደግሞ 20,000 ብር ክፈሉኝ ብላናለች። እኛ ማንን መጠየቅ እንችላለን? እሷስ እኛን?

መልስ፦ ጠያቂያችን፣ መራራውን አስቀድሜ ልንገርዎት። ለ31ዱ ገጽ የሚከፍልዎ የለም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሚጠብቀው በአሠሪ አመራር ሥር ለደመወዝ የሚሠራን ሰው ነው፤ አመልካች አሠሪ የለውም። የድጋፍ ጥሪም «ሐሳባችሁን አሳዩኝ» ማለት ስለሆነ፣ ፎርም ሞልቶ የላከ ሁሉ ውል ገባ አይባልም። በመንግሥት ጨረታ እንኳ ተጫራቹ ሰነዱን የሚያዘጋጅበትን ወጪ የሚችለው ራሱ ነው። በጀቱን ሦስት ጊዜ ማስተካከሉ ያናድዳል፣ ይገባኛል፤ ለክስ ግን አይበቃም።

ሥልጠናው ሌላ ነገር ነው። «አቅማችሁን እንይ» የምትለዋን አባባል ጠበቅ አድርገው ይያዟት። የአንድ ቡድን አቅም የቀድሞ ሥራውን በማየት፣ ጠርቶ በማነጋገር፣ ሲበዛ አንድ ትዕይንት በማሠራት ይታወቃል። 30 ሰው ሦስት ቀን ማሠልጠን ግን ራሱን የቻለ ሥራ ነው፤ የገበያ ዋጋም አለው። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 2162 በሌላ ሰው ድካም ወይም ንብረት ያለ በቂ ምክንያት የተጠቀመ ሰው፣ በተጠቀመው መጠን ባለ ድካሙን እንዲክስ ያዛል። ስለዚህ ዳኛው የሚጠይቅዎ «ስንት ደከማችሁ?» ብሎ ብቻ አይደለም፤ «ድርጅቱ ምን አገኘበት?» ይላል። ድርጅቱ በዓመታዊ ሪፖርቱ ላይ «በሀዋሳ 30 ወጣቶች ሠልጥነዋል» ብሎ ጽፎ ከሆነ፣ ያቺ አንዲት መስመር ከሰባታችሁም ምስክርነት ትበልጣለች። ይፈልጓት።

ሁለተኛ በር የዚሁ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2055 ነው። ውል ልገባ ነው ብሎ ሌላውን ወጪ ውስጥ ካስገባ በኋላ ያለ በቂ ምክንያት ሐሳቡን የተወ ሰው ጥፋተኛ ይባላል። ይህ የሚሠራው ግን «ገንዘቡ የእናንተ ነው፣ ይህን ብቻ ጨርሱ» ዓይነት ነገር ከተባላችሁ ነው። ከልባቸው አወዳድረው ሌላ ቡድን መርጠው ከሆነ በሩ ዝግ ነው። በዚህ በኩል ለመሄድ ካሰቡ ደግሞ ከውል ውጭ ኃላፊነት ይርጋው፣ ማለትም ክስ የሚቀርብበት የጊዜ ገደብ፣ ሁለት ዓመት መሆኑን አይርሱ፤ ዓመቱ ገፍቷል።

ከሁሉ የጠነከረው ጉዳያችሁ ቪዲዮው ነው። በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት አንድ ሥራ ወጥ (ከሌላ ያልተቀዳ) እና የተቀረጸ ከሆነ ጥበቃ የሚያገኘው ከተፈጠረ ጀምሮ ነው፤ ምዝገባ አያሻውም። የኢኮኖሚ መብትን (በሥራው የመጠቀምና ገንዘብ የማግኘት መብትን) ማስተላለፍ የሚቻለውም በጽሑፍ ነው። ስለዚህ ያመለከታችሁበትን ፎርም እስከ መጨረሻው ያንብቡት። ከታች በደቃቅ ፊደል «የሚላክ ማቴሪያል ሁሉ የድርጅቱ ይሆናል» የሚል ዐረፍተ ነገር ተቀምጦ፣ እናንተም ሳጥኑ ላይ ምልክት አድርጋችሁ ይሆናል (አብዛኛው ሰው ሳያነብ ነው የሚያደርገው፤ እኔም ጠበቃ ሆኜ አድርጌው አውቃለሁ)። እንዲያም ሆኖ በሥራው ላይ በስም የመጠራት የሞራል መብታችሁ ከዚያ ጋር አብሮ አልሄደም። ፊታቸው በግልጽ የሚታየው ወጣቶችም ምስላቸው ያለ ፈቃዳቸው በአደባባይ እንዳይታይ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 27 የራሳቸው መብት አላቸው።

ሐሳቡን በተመለከተ ግን በከንቱ አይድከሙ። ፍቼ ጫምባላላ በ2008 ዓ.ም. በዩኔስኮ የተመዘገበ የሲዳማ ሕዝብ ቅርስ ነው። «ስለ ፍቼ ቴአትር እንሥራ» ማለት ለማንም ክፍት ነው። የእናንተ የሆነው የጻፋችሁት ድርሰትና የቀረጻችሁት ምስል ነው።

አሁን ወደ ልጅቷ። ደብዳቤዎ እሷን በአንድ ዐረፍተ ነገር አልፏታል። ደውዬ ስጠይቅዎ ግን «ከተሳካ አሥር በመቶ እንሰጥሻለን ብለናት ነበር» አሉኝ። የቃል ውል ውል ነው፤ እንዲህ ላለው ስምምነት ሕጉ የተለየ ፎርም አይጠይቅም። ነገር ግን ክፍያው «ከተሳካ» በሚል ሁኔታ ላይ የተንጠለጠለ ነበር፤ ሁኔታው አልደረሰም፣ ስለዚህ አሥር በመቶ የሚባል ነገር የለም። (ብዙ ገንዘብ ሰጪዎች ፕሮፖዛል ለጻፈ ሰው ከድጋፉ ላይ በመቶኛ መክፈልን ይከለክላሉ፤ ቢሳካ ኖሮ ሌላ ጣጣ ይመጣ ነበር።) የላኩልኝን የቴሌግራም ምልልስ ሳነብ ግን አንድ ነገር አገኘሁ። ወደ እንግሊዝኛ ስትተረጉምላችሁ እርስዎ ራስዎ «የትርጉሙን ለብቻ እንተሳሰባለን» ብለው ጽፈውላታል። ይህ ቃል ከስኬት ጋር አልተያያዘም። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ደግሞ መልእክት ኤሌክትሮኒክ በመሆኑ ብቻ ዋጋ አያጣም ይላል። 20,000 ብር ባይሆንም የትርጉሙን ዋጋ ይክፈሏት። ፍርድ ቤት ሳትደርሱ፣ ሻይ ተጠጥቶ የሚያልቅ ነገር ነው። ደግሞም እናንተ ድርጅቱን «በነፃ አሠራኸን» እያላችሁ ልጅቷን በነፃ ማሠራት አያምርም።

ለሚቀጥለው ጥሪ፦ ከመጻፍዎ በፊት አጭር ኢሜይል ይላኩ። «በመጀመሪያው ዙር ሁለት ገጽ አጭር መግለጫ ብናቀርብ ይበቃል? ለሁለተኛው ዙር ላለፉት የዝግጅት ወጪ ትከፍላላችሁ? ያላለፈ አመልካች ማቴሪያል ምን ይሆናል?» የዝግጅት ወጪ መክፈልን የሚከለክል ሕግ አላውቅም፤ ጠያቂ በማጣት ነው የቀረው። አየርላንድ እ.ኤ.አ. በ2022 ለ2,000 አርቲስቶች በሳምንት 325 ዩሮ መስጠት ስትጀምር፣ መስፈርቱን ካሟሉት መካከል የመረጠችው በዕጣ ነው። የማን ፕሮፖዛል አማረ ተብሎ ለውድድር አልተቀመጠም። እኛ ዘንድ ዕጣ ይሁን አልልም፤ 31 ገጽ ግን በምንም መልኩ የግድ አይደለም።

እስከዚያው፣ ቡድናችሁ ስላልተመዘገበ በስሙ መክሰስ አትችሉም፤ ሰባታችሁም በየስማችሁ ትቀርባላችሁ ወይም ለአንዳችሁ ውክልና ትሰጣላችሁ። በቅድሚያ ለድርጅቱ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ይጻፉ፦ ቪዲዮውን ከማሳየት እንዲቆም ወይም ስማችሁ እንዲገባበት፣ የአዳራሹና የካሜራው ኪራይ እንዲተካ፣ የሦስቱ ቀን ሥልጠና ዋጋ እንዲከፈል፤ መልስ የሚሰጡበት 15 ቀን። ደረሰኞቹን፣ የወጣቶቹን የፊርማ ዝርዝርና «አቅማችሁን እንይ» ያሉበትን ኢሜይል ኮፒ አድርገው አያይዙ። ዋናው የቪዲዮ ፋይል ያለበትን ሜሞሪ ካርድ ለካሜራ አከራዩ መልሳችሁ እንደሆነ ደግሞ ሳያጠፋው ዛሬውኑ ይደውሉለት።