ሐኪም ያልሆነ ምክትል ዲን ከየት ይጀምር?

ጥያቄ፦ የማስተምረው በአንድ የሕክምና ኮሌጅ ነው፤ ሦስተኛ ዲግሪዬ በሶሲዮሎጂ ነው። ለትምህርት ጉዳዮች ምክትል ዲንነት ታጭቻለሁ። ሐኪሞቹ ግን «በሽተኛ አይቶ የማያውቅ ሰው እንዴት ይመራናል?» ይላሉ። ልቀበል? ከተቀበልኩስ ከየት ልጀምር?
ታ.

መልስ፦ ይቀበሉ፤ ከመፈረምዎ በፊት ግን የሹመት ደብዳቤውን በደንብ ያንብቡ። የራስዎ በጀት፣ በሥርዓተ ትምህርትና በፈተና ኮሚቴዎች ድምፅ የመስጠት መብት፣ እንዲሁም የሚቀነስልዎ የማስተማር ሰዓት በግልጽ ይጻፍ። ሰዓቱ ካልተቀነሰ ምርምርዎ ይቆማል፤ የደረጃ ዕድገትዎም አብሮት።

የሐኪሞቹ ስጋት ግማሹ እውነት ነው። ማን ምን ዓይነት ሕክምና ያግኝ የሚለው የእርስዎ ውሳኔ አይደለም። ሐኪም እንዴት ይሠልጥን የሚለው ግን ሌላ ጉዳይ ነው። የአሜሪካ የሕክምና ኢንስቲትዩት በ2004 ባወጣው ሪፖርት የባሕርይና የማኅበራዊ ሳይንስ ትምህርት ከታካሚ ባሕርይ እስከ ጤና ፖሊሲ በስድስት ዘርፎች እንዲሰጥ መክሯል። በዚያው አገር የሕክምና ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተናም ከ2015 ጀምሮ በዚሁ ርዕስ 59 ጥያቄዎችና 95 ደቂቃ ያሉት ክፍል አለው።

እርስዎም ከፈተናው ይጀምሩ። ተማሪ የሚያጠናው የሚጠየቀውን ነው፤ የእርስዎ ትምህርት አንደኛ ዓመት ላይ ተሰጥቶ የሚረሳውም በኋላ ማንም ስለማይጠይቀው ነው። ተማሪው ከጣቢያ ወደ ጣቢያ እየተዘዋወረ በሚመዘንበት የተግባር ፈተና፣ በኦስኪ፣ አንድ ጣቢያ ያስፈቅዱ። የ6 ወር የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒቱን በሁለተኛው ወር ያቋረጠ ታካሚ ይቅረብ። ተማሪው ስለቆጣው ነጥብ አያገኝም። ታካሚው ሳሉ ሲቀልለት ድኛለሁ ብሎ እንደሆነ፣ የትራንስፖርቱ ወጪ ከብዶት እንደሆነ፣ በባዶ ሆዱ መዋጥ አቅቶት ወይም አከራዩ እንዳያውቅ ፈርቶ እንደሆነ መጠየቁ ይመዘን። መመዘኛውን ከአንድ የውስጥ ደዌ ሐኪም ጋር ያዘጋጁት፤ ብቻዎን ከጻፉት «የሶሲዮሎጂው ጣቢያ» ተብሎ ይገለላል። ሁለት ፈታኞችም ለየብቻ ያርሙ፤ ውጤታቸው ከተራራቀ የመመዘኛው ቃል አሻሚ ነው፣ ያስተካክሉት።

አንድ ወጥመድ አለ፣ በተለይ ለሥነ ልቦና ባለሙያዎች። ኃላፊው «ሰው የሚያዳምጥ» ሲባል የተጨነቀ ተማሪ ሁሉ ወደ ቢሮው ይላካል። በኋላ የዚያው ተማሪ ማለፍና መውደቅ ሲወሰን ኃላፊው ራሱ ከወሳኞቹ አንዱ ሆኖ ይቀመጣል። የአሜሪካ የሕክምና ትምህርት ቤቶችን የሚመዝነው አካል ይህን ይከለክላል፦ ለተማሪው የምክር ወይም የሕክምና አገልግሎት የሰጠ ባለሙያ በዚያ ተማሪ ምዘናም ሆነ ወደ ቀጣዩ ደረጃ ይለፍ በሚለው ውሳኔ አይሳተፍም። የእርስዎ ኮሌጅ እንዲህ ያለ ደንብ ከሌለው ረቂቁን በመጀመሪያው ስብሰባ ያቅርቡ።