ድምፁ ተለወጠ ወይስ ካሴቴ?

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ የዝግጅት ክፍሉ ባልደረቦች፣ የአዳማ ነዋሪ ነኝ። ከተማችን ናዝሬት ትባል በነበረበት ዘመን፣ በ1970ዎቹ መጨረሻ፣ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳለሁ የማህሙድ አሕመድን «ኧረ መላ መላ» ከባቡር ጣቢያው አካባቢ ከነበረ ሙዚቃ ቤት ከሸክላ በካሴት አስቀድቼ፣ ቤተሰቤ እስኪሰለቸው ድረስ ሳደምጠው ኖሬያለሁ። ለእኔ ከማህሙድ በላይ ዘፋኝ አልነበረም። ሰሞኑን ልጄ ያንኑ ሙዚቃ በስልኩ ከፍቶ አሰማኝ፤ ነገር ግን ድምፁ ቀጠነብኝ፣ ምቱም ፈጠነብኝ፣ የዘፈኖቹም ተራ እኔ ከማውቀው የተለየ ሆኖ አገኘሁት። ማህሙድ በጥር ወር 2017 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ካደረገው የስንብት ኮንሰርት የተቀነጨቡ ቪዲዮዎችንም ተመልክቼ፣ ያ የማውቀው ጉሮሮ የት ሄደ ብዬ አዘንኩ። ያኔ የወደድኩት ሙዚቃውን ነው ወይስ የገዛ ወጣትነቴን? ካሴቱ ዛሬም ሣጥን ውስጥ አለ፤ እንዳይበጠስብኝ ፈርቼ ግን አላጫወትኩትም። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፦ ውድ አንባቢያችን፣ ትዝታዎን ከመጠርጠርዎ በፊት ማጫወቻዎን ይጠርጥሩ። ሸክላ በደቂቃ 33 ዙርና ሲሶ እንዲዞር፣ ካሴት ደግሞ በሰከንድ 4.76 ሴንቲ ሜትር እንዲጓዝ ተደርገው የተሠሩ ናቸው። በዚያ ዘመን በሙዚቃ ቤቶች ከሸክላ ወደ ካሴት ሲቀዳ ግን የአንዱ መሣሪያ ሞተር ትንሽ ከዘገየ ወይም ትንሽ ከፈጠነ፣ ያ ስሕተት ካሴቱ ላይ ታትሞ ይቀራል። የፍጥነት ለውጡ 6 በመቶ ያህል ሲሆን ሙዚቃው በሙሉ በግማሽ ድምፅ፣ ማለትም በፒያኖ ከአንዱ ቁልፍ እስከ ቀጣዩ ባለው ርቀት ያህል፣ ይቀጥናል ወይም ይወፍራል፤ በትክክለኛ ፍጥነት 30 ደቂቃ የሚፈጅ የካሴት ገጽም 28 ደቂቃ ላይ ሊያልቅ ይችላል። እንግዲህ ከልጅዎ ስልክ የሰሙት ከዋናው ቅጂ የተወሰደ ትክክለኛ ድምፅ ሆኖ፣ እርስዎ ለዓመታት በቃልዎ ያጠኑት ግን በአንድ የናዝሬት ሙዚቃ ቤት መሣሪያ ምክንያት የወፈረና የዘገየ ማህሙድ ሊሆን ይችላል። ኢንተርኔት ላይ ካሉት ቅጂዎችም ብዙዎቹ ግለሰቦች ካረጀ ካሴት ላይ ገልብጠው የጫኗቸው ስለሆኑ፣ ጥፋቱ ከስልኩ ወገን የሚሆንበት ጊዜም አለ። የትኛው እንደሆነ ለማወቅ አንዱን ዘፈን በሰዓት ይለኩ፤ በስልክ የፈጀውን ጊዜ በካሴት ከፈጀው ጋር ያስተያዩ። አሮጌ ቴፕ ቀበቶው ስለሚላላ አስቀድመው ርዝመቱ በትክክል በሚታወቅ ሌላ ካሴት ቴፑን መፈተን አይርሱ።

የዘፈኖቹ ተራ መለዋወጥ ብዙ ሊያሳስብዎ አይገባም፤ አንድ ሥራ በተለያየ ጊዜ በተለያየ አሳታሚ ሲወጣ አደራደሩ ይለወጣል፤ በስልክ ሲሆን ደግሞ ማንም እንዳሻው ይደረድረዋል። ያም ሆኖ የመጀመሪያው ገጽ አልቆ ካሴቱ እስኪገለበጥ የነበረችው ዝምታ የሙዚቃው አካል ነበረች የሚል ሰው ካለ እኛ አንከራከረውም።

ወደ ዋናው ጥያቄዎ እንምጣ። «ኧረ መላ መላ» በካይፋ ሪከርድስ አሳታሚነት በሸክላ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1975 ሲሆን፣ አጃቢው አይቤክስ ባንድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1986፣ ማለትም እርስዎ በናዝሬት ካሴትዎን በሚያደምጡበት ዘመን አካባቢ፣ ክራምድ ዲስክስ የተባለ የቤልጅየም አሳታሚ ይህንኑ ሥራ ለአውሮፓ አድማጭ አቀረበው፤ እ.ኤ.አ. በ1999 ደግሞ በፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ አዘጋጅነት የሚታተመው የ«ኢትዮፒክስ» ተከታታይ ሰባተኛ ቅጽ ሆኖ እንደገና ወጣ። ይህን የምንነግርዎ ፈረንጅ ካጨበጨበለት ጥሩ ነው ለማለት አይደለም፤ ያ ዓይነቱ ክርክር እኛንም ያሰለቸናል። እነዚያ አድማጮች ግን አማርኛ አያውቁም፤ የእርስዎን ሰፈር፣ የእርስዎን የትምህርት ቤት ጓደኞች፣ በዚያ ዕድሜ በልብዎ የነበረውን ነገር አልኖሩትም። የወጣትነት ትዝታ የተባለው ቅመም ፈጽሞ በሌለበት ጆሮ ላይ ሙዚቃው ብቻውን ቆሞ ካሸነፈ፣ ያኔ የወደዱት ነገር እውነትም እዚያ ነበረ ማለት ነው።

ትዝታ ሥራውን አይሠራም ማለታችን ግን አይደለም። የማስታወስ ችሎታን የሚያጠኑ ባለሙያዎች፣ ሰዎች ከጎልማሳነት ዕድሜ ካለፉ በኋላ በብዛትና በድምቀት የሚያስታውሱት ከ10 እስከ 30 ዓመታቸው ድረስ የሆነውን መሆኑን ከረጅም ጊዜ ጀምሮ ሲመዘግቡ ቆይተዋል፤ ዘፈንም በዚህ ረገድ ከሁሉ ይበልጥ ሥር የሚሰድ ነገር ነው። በመሆኑም ከ1990ዎቹ ወዲህ የወጣን ማንኛውንም ዘፈን ከማህሙድ ካሴት ጋር ሲያወዳድሩ ሚዛኑ አስቀድሞ የተጫነ መሆኑን ይወቁት። ልጅዎ ስለ ራሱ ዘመን ዘፋኞች ሲናገር ፊትዎን የሚያጨፈግጉ ከሆነ፣ ይህ አንቀጽ የተጻፈው ለእርስዎ ነው።

አንድ ነገር እንዲሞክሩ እንጠይቅዎታለን። በዚያ ዘመን የነበርዎት ቴፕ ምናልባት ባለ አንድ ድምፅ ማጉያ ሳይሆን አይቀርም፤ እንዲህ ያለ መሣሪያ የባስ ጊታርን ድምፅ ከሞላ ጎደል ይውጠዋል። አሁን በጥሩ የጆሮ ማዳመጫ ማህሙድን ለጊዜው ትተው የአይቤክስ ባንዱን የጆቫኒ ሪኮን ባስ ብቻ ይከተሉ፤ ቀጥለው የሰላም ሥዩምን ጊታር፣ ከዚያም የፈቃዱ አምደመስቀልን ሳክስፎን ያድምጡ። ድምፃዊው አንዲት ሐረግ ጨርሶ ትንፋሽ ሲወስድ ሳክስፎኑ ያንን ክፍተት እንዴት እንደሚቀበለው ያን ጊዜ ሳይሰሙት ያለፉ ይመስለናል። ወጣት ሆነው ያልሰሙትን ዛሬ ከሰሙ፣ ያ ደስታ ከትዝታ የመጣ ነው ሊባል አይችልም።

ስለ ማህሙድ ድምፅ መለወጥ ያዘኑትን ሐዘን እንረዳለን፤ ይሁን እንጂ ሒሳቡን አብረን እንሥራ። ማህሙድ የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1941 ሲሆን፣ ሸክላው ሲቀዳ የ34 ዓመት ጎልማሳ፣ በክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ ለዓመታት የተገራ ድምፃዊ ነበር። በሚሊኒየም አዳራሽ አድማጩን ሲሰናበት ዕድሜው 83 ደርሶ ነበር። በዚህ ዕድሜ የድምፅ አውታሮች ጡንቻ ይሳሳል፣ የሳንባ አቅምም ይቀንሳል፤ ረጅም ሐረግ በአንድ ትንፋሽ መያዝ ለማንም ሰው ይከብዳል። ባንዶችም ለአንጋፋ ድምፃዊ ሲያጅቡ ሙዚቃውን ወፈር ካለ የድምፅ እርከን አንሥተው መጫወታቸው የተለመደ ነው። ከጥያቄዎ እንደተረዳነው እርስዎ በወጣትነትዎ ማህሙድን መድረክ ላይ አላዩትም፤ በሰዓት እላፊ ዘመን የአዲስ አበባ የምሽት ክበብ ገብቶ እስኪነጋ መቆየት ለናዝሬት ተማሪ የሚታሰብ አልነበረም። ስለዚህ በአንድ ወገን ያቆሙት ካሴትን ነው፣ በሌላው ወገን ያቆሙት ሰውን። ካሴት አያረጅም ማለት ባይቻልም እርጅናው ሌላ ዓይነት ነው። ደግሞም ከስንብት ኮንሰርት የጉሮሮ ፈተና አይጠበቅም።

ካሴቱን በሚመለከት፣ ፍርሃትዎ ተገቢ ነው፤ ሣጥን ውስጥ ተዘግቶ መቆየቱ ግን አያድነውም። የአዳማ ሙቀትና አቧራ ሁለቱም የካሴት ጠላቶች ናቸው። ከማጫወትዎ በፊት በጀርባው በኩል ያሉትን ሁለት ትንንሽ የፕላስቲክ ጥርሶች ይስበሩ፤ እነርሱ ከሌሉ ማንም በስሕተት በላዩ ሊቀዳበት አይችልም። በክሩ መሐል ከኋላ የምትደግፈው ትንሽ የሱፍ ቁራጭ ተላቃ እንደሆነ ይመልከቱ፤ ከተላቀቀች ድምፁ ይደበዝዛል፣ ብዙ ጊዜም «ካሴቱ ሞተ» የሚባለው በእርሷ ምክንያት ነው። ከክሩ ላይ ድምፁን የሚያነበውን የቴፑን «ሄድ» እና ክሩን የምትስበውን ጎማ በአልኮል በነከሩት ጥጥ ይጥረጉ፤ ጎማዋ ደርቃ ከተሰነጣጠቀች በዚያ ቴፕ ፈጽሞ አያጫውቱት፤ ክር የምትበላው እርሷ ናት። ካሴቱን በእጅዎ፣ በእርሳስ እያዞሩ በቀስታ ዳር እስከ ዳር ካመላለሱት በኋላ ያጫውቱ፤ ለዓመታት ተጣብቆ የቆየው ክርም ይላቀቃል።

ሲያጫውቱትም ከመጀመሪያው ጊዜ ጀምሮ ወደ ኮምፒውተር እየቀዱ ይሁን፤ ሁለተኛ ዕድል ላይኖር ይችላል። ከቴፑ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ወደ ኮምፒውተሩ የድምፅ መግቢያ በአንድ ገመድ ማገናኘት ይበቃል። ፋይሉን ሳይጨመቅ በዌቭ ያስቀምጡት፤ ኤምፒስሪው ለስልክ በኋላ ይወጣለታል። ሙዚቃ ቤት ወስደው የሚያስገለብጡ ከሆነ ፍጥነቱን «አስተካክለን» እንዳይሰጡዎ አስቀድመው ይንገሯቸው። ከዋናው ቅጂ ጋር የሚገጥመውን ከፈለጉ ልጅዎ ስልክ ላይ አለ፤ የእርስዎ ካሴት ግን ቀርፋፋም ቢሆን እንደ ቀረፈፈ ይቀዳ።