ጣሪያችን ምጣድ ሆነብን

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን አሉ? የምንኖረው ድሬዳዋ፣ ገንደ ቆሬ ነው። 14 ቤተሰብ ሆነን ትንሽ እድር አለን። ቤቶቻችን ብሎኬት ናቸው፣ ጣሪያቸው ቆርቆሮ፣ አብዛኞቹ ኮርኒስ የላቸውም። ከመጋቢት ጀምሮ ልጆቹ የሚያድሩት በረንዳ ላይ ነው። አንድ ጎረቤታችን «እየተጋገዝን ኤር ኮንዲሽነር እንግዛ» ይላል። እኔ ቤቱን ራሱን ብናስተካክል ይሻላል ባይ ነኝ። ግን ከየት እንጀምር? ገንዘቡስ? (የእድሩ ጸሐፊ)

መልስ፦ እህቴ፣ ልክ ነሽ። እዚሁ ድሬ 30 ዓመት አናጢ ሆኜ ሠርቻለሁ። የኛ ሙቀት የሚመጣው ከላይ ነው። በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ ገደማ ፀሐይ ቀትር ላይ ልክ አናታችን ላይ ትሆናለች። ግድግዳው ጥላ ያገኛል፤ ቆርቆሮው ግን ቀኑን ሙሉ ይግላል። ኮርኒስ ከሌለ ያ ግለት ቀጥታ ሰው ላይ ያርፋል። ኤር ኮንዲሽነሩም ከዚሁ ምጣድ ጋር ሲታገል ይውላል። አንዱ 1,000 ዋት ገደማና ከዚያም በላይ ይበላል። የጣሪያ ቬንትሌተር ግን 80 ዋት ቢወስድ ነው። የመብራት ካርድ የሚሞላ ሰው ልዩነቱን ያውቀዋል።

መጀመሪያ ጣሪያውን ነጭ ቀቡት። ነጭ ፀሐዩን መልሶ ይልከዋል። ግን ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ ፈግፍጉ፣ እጠቡ፣ አንቲረስት (ዝገት መከላከያ ቀለም) ቀቡ፣ ቀለሙ ከዚያ በኋላ ነው። እኔ የእናቴን ቤት ቸኩዬ ዝገቱ ላይ ቀባሁት። ክረምቱ ሳያልቅ ተላጠ። የእሷ ብር ነበር፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ጣሪያ ላይ የሚወጣውም ሰው ምስማር የተመታበትን መስመር ብቻ ይርገጥ። ከሥሩ እንጨት ያለው እዚያ ነው።

ቀጥሎ ኮርኒስ። ችፑድ ይበቃል። ከኮርኒሱ በላይ የሚታመቀው አየር መውጫ ይፈልጋል፤ ጣሪያው ሥር በሁለቱም ወገን ቀዳዳ ተዉለት። ትንኝ እንዳይገባ ቀዳዳውን በወንፊት ሽቦ ሸፍኑት። በ2006 ዓ.ም. ትንኝ የሚያስተላልፈው የደንጊ ትኩሳት ድሬን እንዴት እንዳስተኛት የነበረ ያስታውሳል። ርካሽ ነው ብላችሁ የዕቃ ማሸጊያ ፎም እንዳትለጥፉ፣ አደራ። እሳት ቶሎ ይይዘዋል፣ ጭሱም ይገድላል።

ሌሊት የሚያስቸግራችሁ ደግሞ ግድግዳው ነው። ብሎኬት ቀን የጠጣውን ሙቀት ማታ ይተፋዋል። የምዕራቡን ግድግዳ ኖራ ቀቡት፣ ኒም ትከሉለት። ኒም ቶሎ ያድጋል፤ የልብስ ማለቅለቂያ ውኃ ይበቃዋል። ወደ ከዚራ ሰፈር ስትሄጂ የድሮዎቹን የባቡር ቤቶች ተመልከቻቸው፦ ሰፊ በረንዳ፣ ከፍ ያለ ኮርኒስ፣ ደጃፋቸው ላይ ዛፍ። እነዚያ ሰዎች ኤር ኮንዲሽነር አልነበራቸውም።

ገንዘቡን በተመለከተ የእድሩን የለቅሶ ብር አትንኩ። ሰው ሲሞት ካዝናው ባዶ ከሆነ እድሩ ይፈርሳል። ለብቻው እቁብ ጣሉ፤ ብር ሳይሆን ጣሪያ የሚወጣበት እቁብ። በየወሩ አንድ ቤት ይታደስ። ዕጣ ግን አታውጡ። ጨቅላ ያለበት ቤት፣ ከአልጋ የማትነሳ እናት ያለችበት ቤት ይቅደም። ይሄ ላይ ጠንክሪ፤ የሚያኮርፍ አይጠፋም። ቀለሙን ለሁሉም ባንድ ጊዜ ግዙት፣ ዋጋ ለመከራከር ይመቻል። ጉልበቱን በደቦ አድርጉት፣ እሁድ ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ 3። ከዚያ በኋላ ቆርቆሮው እጅ ያቃጥላል። የቀበሌ ቤት ካለ በ1967ቱ አዋጅ የመንግሥት የሆነ ቤት ስለሆነ፣ መዶሻ ሳታነሱ ፈቃዱን በጽሑፍ ያዙ።

የመጀመሪያው ቤት ሲያልቅ ጎረቤቱን ሁሉ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ቡና ጥሪ። ልክ በዚያ ሰዓት ይሁን። ግማሽ ሰዓት እዚያ ይቀመጡ፣ ከዚያ ገና ወዳልተሠራው ቤት ይግቡ። ኤር ኮንዲሽነር የሚለውን ጎረቤትም እንዳትረሺው።